ወንፊት ያልሆነው ቃል

ጡረታሽ ደርሷል ሲሉኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ኸላስን ማን ይጠብቀዋል?» የሚል ነበር። ወረቀቱን ይዞልኝ የመጣው ሰውዬ ለቆላው አዲስ ስለሆነ ኸላስ የዘበኛ ስም መሰለው። «ለዘበኛው አይጨነቁ እትዬ ዛህራ፣ እሱ ገና ነው» አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ኸላስ ሰው አይደለም፤ ሸሕዲ ባለው የሰሊጥ ማበጠሪያችን ማሽኑ ከሚታዘዝባቸው ቃላት አንዱ ነው።

የሳቅሁት ግን ላይ ላዩን ነው፤ ውስጤ ፈርቶ ነበር። በእኔ ቦታ የመጣችው ትዕግሥት የምትባል ወጣት ኢንጂነር ናት፤ የጎንደር ልጅ፣ ጎበዝ፣ ለሥራ የማትሰንፍ። ማሽኑ የሚመራበትን ጽሑፍ ከፍታ አንገቷን ደፍታ ስታነብ ሰነበተችና አንድ ቀን ቀና ብላ፣ «እትዬ ዛህራ፣ ይሄ ቋንቋ ሲፈጠር እንዴት ያምር ነበር! ኋላ ገብቶ እንዲህ ያቆሸሸው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

የምትጠጣው ውኃ ትን አላት። ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁላት። ትንፋሿ ሲመለስ ደነገጠች እንጂ ሐሳቧን አልቀየረችም።

«እንግዲህ አይቀየሙኝ፣ አጸዳዋለሁ።»

«ያሻሽን አጽጂ፤ ኸላስን ግን አትንኪብኝ።»

«እሱ እኮ ነው ዋናው እድፍ!»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልበላልሽ አለኝ። ያ ቃል ከወጣ የሰው እጅ ይጎዳል፤ እኔ ደግሞ በሩን ዘግቼ ልወጣ ቀናት ነው የቀሩኝ። ነገሩን ከሥሩ ላውጋው።

እኔ የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነኝ። አባቴ ድንበር ማዶ ገላባት እየተሻገረ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ሱቃችን ደጃፍ አማርኛና ዐረብኛ አንድ ላይ ሲወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ኤሌክትሪክ ልማር ስል ዘመዱ ሁሉ፣ «ለሴት ልጅ ሽቦ ምን ያደርግላታል?» አለ። አባቴ፣ «መብራት ሲጠፋ እናንተን ልጥራ?» ብሎ አፋቸውን አስያዘልኝ፤ አላህ ይማረው። ጎንደር ተምሬ መጀመሪያ የተመደብሁት ሳንጃ የውኃ ፓምፕ ላይ ነው። እዚያ የነበረው አለቃዬ የመፍቻውን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ፓምፑ ሲቆም ሰው ልኮ እሱን ማስፈለግ ነው፤ እሱ ለቅሶ ከሄደ ሳንጃ ውኃ የለውም። ማሽን የአንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚመስል ከእሱ ተማርኩ።

ሸሕዲ የገበሬዎቹ ኅብረት ማበጠሪያ ሲተከል ተዛወርኩ። ደሞዙ ያው ነው፤ ሙቀቱ ግን ጨመረ። እዚያ ነው ጋሽ ጌታሁንን ያገኘሁት።

ጋሽ ጌታሁን የማበጠሪያው ዋና ኢንጂነር ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ ደገኛ። ማሽን ሲሠራ አይቀመጡም። «እሱ ቆሞ እየሠራ እኔ ልቀመጥ?» ይላሉ። ማንኛውንም ነገር ከመክፈታቸው በፊት መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ማሽኑ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል ከእኔ ጆሮ ቀድሞ መዳፋቸው ያውቃል። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ማሽኑ ምን እንዲሠራልሽ ነው የምትፈልጊው ብለው ይጠይቁሻል። በአንድ ትንፋሽ መናገር አለብሽ። መሐል ላይ «ግን» ካልሽ እጃቸውን ያነሣሉ፤ «ግን ካልሽ ገና አልገባሽም፤ ሂጂና አስበሽ ተመለሺ።» ስንት ጊዜ በንዴት በሩን ወርውሬ ወጥቻለሁ መሰላችሁ! ወጥቼ ሳስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነበር።

ማሽኑ ከውጭ ሲመጣ የኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የሚጻፈው ሁሉ በማናውቀው ቋንቋ ነበር። ኦፕሬተሮቹ ቁልፉን የሚያውቁት በቦታው ነው፦ ከላይ ሁለተኛው፣ ከጎኑ ቀዩ። አንድ ነገር ለማስተካከል የውጭ ባለሙያ ይጠበቃል፤ እሱ እስኪመጣ ሰሊጡ በጆንያ እንደተከመረ ይቆያል። ጋሽ ጌታሁን ይሄ አበሳጫቸው። ቁጭ ብለው፣ ይቅርታ፣ ቆመው፣ ለማሽኑ ትእዛዝ የሚጻፍበት አንድ ትንሽ ቋንቋ ፈጠሩ። በአማርኛ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩ ማሽኑ ወደሚገባው ይለውጠዋል።

መሠረቱ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፦ ሁሉም ነገር ወንፊት ነው። አንድ ነገር ይገባበታል፤ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ይቀራል። ወንፊቱስ ወንፊት ነው፤ ገለባውን የሚነፋው ማራገቢያም ቀላሉን ለይቶ ከባዱን የሚያሳልፍ ወንፊት ሆነ። ሚዛኑም ወንፊት ነው። አንዱ ወንፊት ስለ ጎረቤቱ አያውቅም፤ ያለፈውንም አያስታውስም። የገባለትን ለይቶ ይሰጣል፣ አለቀ። ስለዚህ አንዱን ስታነቢ ሌላውን ማሰብ የለብሽም። ይሄ እንዴት ያለ እፎይታ እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

ለወንፊት ደግሞ ማን ባዳ ነው? ሙሉቀን የሚባል ኦፕሬተር ነበረን፤ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ከጫኝና አውራጅነት ወደ ማሽኑ የተዛወረ። ጠዋት አስረዱት፣ ከሰዓት የራሱን ትእዛዝ ጻፈ። ሰሊጡ እሱ እንዳለው ሲለይ ሲያይ፣ «ይህች ማሽን እኮ ትሰማለች!» ብሎ ጨፈረ። እኔም አብሬው ጨፈርኩ።

ችግሩ የጀመረው ወንፊት ያልሆነ ነገር ሲያስፈልገን ነው። ደወል ማስደወል ፈለግን። ጋሽ ጌታሁን «ድምፅ የሚያሳልፍ ወንፊት» ብለው ጻፉት። ማሽኑ ትንሽ እንዲጠብቅ ፈለግን፤ «ጊዜ የሚያሳልፍ ወንፊት» አሉን። በየጓዳው እየተሳሳቅን ተቀበልናቸው። ቃላቱም እንደ ሐሳቡ ንጹሕ መሆን አለባቸው ብለው ሞተሩ ማሽኑን የሚያዞርበትን ቺንጋ «ዘዋሪ ጠፍር» አሉት። አንድም ሰው «ዘዋሪ ጠፍሩ ላላ» ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ቺንጋ ሲላላ የሚላላው ቺንጋ ነው! ይሄ ሁሉ ግን ለቀልድ የሚሆን ነበር።

መቆም ግን ለቀልድ አልሆነም። ማሽኑን ለማቆም የሚጻፈው «ምንም የማያሳልፍ ወንፊት» ነበር። ከላይ ሰሊጡ የሚገለበጥበት ሆፐር አፉን ይዘጋል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ ጎረቤቱን ስለማያውቅ፣ መዞሩን አይተውም። ግድግዳው ላይ መብራቱን ሁሉ የሚቆርጥ ቀይ ቁልፍ አለ፤ እሱን ግን ሰው ይፈራዋል። ወንፊት አያስታውስምና መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በሰሊጥ ታጭቆ ሳለ ባዶ የሆነ መስሎት ይነሣል፤ ያን ጠርጎ ለማስጀመር ቀኑ ያልቃል። በመከር ወቅት ውጭ ሎሪ ተሰልፎ ማን ይደፍረዋል?

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቆይቶ ወጣ። እርጥብ ሰሊጥ መጣብን። ሰሊጡን በትንንሽ ባልዲ እየቀዳ ወደ ላይ የሚያወጣው ኤሌቬተር እግሩ ሥር ታነቀ። ሙሉቀን አየና የማያሳልፈውን ወንፊት አዘዘ። ሆፐሩ ተዘጋ። ታች ያለው ግን መዞሩን ቀጠለ፤ ቺንጋው በሚዞርበት ፑሌጃ ላይ እየተንሸራተተ መጨስ ጀመረ። ሰሊጥ ዘይት ነው፤ እሳት ከያዘው ቤቱም ሰዉም አይተርፍም። ሙሉቀን ያን ፈርቶ ሮጦ ሄደና የታነቀውን በእጁ ሊያወጣ ጎነበሰ።

«ኸላስ!» ብዬ ጮኽሁ።

ይሄ ቃል በእኛ አገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከማዶ የመጣ ቃል ነው፤ አለቀ፣ በቃ ማለት ነው። ሎሪ ሲራገፍ ጆንያ ከላይ ወደ ታች በሰው ትከሻ ይወርዳል፤ አንዱ ቢያዳልጠው ከሥሩ ያለው ይቀጠቀጣል። ስለዚህ ማንም ይሁን ማን «ኸላስ» ካለ ሁሉም እጁን ያነሣል። ትናንት የመጣም ሊለው ይችላል፣ አለቃም ሊለው ይችላል። ለምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው እጅ ከተነሣ በኋላ ነው።

እናም ስጮኽ ጫኝና አውራጆቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ደርቀው ቀሩ። ሙሉቀንም ሰምቶ እጁን ሊስብ ነበር። ማሽኑ ብቻ አልሰማም። የታነቀው ሰሊጥ ድንገት ለቀቀና ባልዲው እጁን ይዞ ተነሣ። ቀዩን ቁልፍ በክርኔ ነው የመታሁት። ሙሉቀን ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት አጣ። ደሙ ነጩ ሰሊጥ ላይ ሲወርድ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ የዚያን ሌሊት አለቀስኩ፣ ተናደድኩም።

ጋሽ ጌታሁን ጎንደር ሆስፒታል የሙሉቀን አልጋ አጠገብ ቆመው ዋሉ፤ እዚያም አልተቀመጡም። ከኅብረቱ የመጡት ሰዎች ቋንቋው ይነቀል፣ የድሮው የውጭ ጽሑፍ ይመለስ አሉ። ሙሉቀን እጁ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሰማቸው።

«ኧረ እባካችሁ!» አለ። «በራሴ ቋንቋ አዝዣት፣ ዛሬ ደሞ ደንቆሮ ልታደርጉኝ ነው? ሌላውን ሁሉ ታውቃለች። መቆሙን ብቻ አስተምሯት።»

ሰዎቹ እስኪስተካከል ድረስ ጊዜ ሰጡን። ያን ጊዜ ከጋሽ ጌታሁን ጋር ተጣላን። እሳቸው ካርቶን ላይ ወንፊት እየሳሉ ይሰርዛሉ፤ መቆምን ወንፊት ሊያደርጉት ነው። ሁለተኛ ወንፊት፣ ሦስተኛ ወንፊት፣ ወንፊቱን የሚያዳምጥ ወንፊት። ሥዕሉ የሸረሪት ድር መሰለ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሽ ጌታሁን፣ ሰው ጣት አጥቶ ተኝቷል! ሐሳብዎ እንዳይቆሽሽ ነው የሚጨነቁት?»

«ሐሳቡ ከቆሸሸ ነገ ማንም አይገባውም» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ወደ ሎሪው ወሰድኳቸው። ሲራገፍ ቆመን አየን። ብዙም አልቆየ፣ ከመሐል አንዱ «ኸላስ!» አለ፤ ሁሉም እጁን አነሣ። ጋሽ ጌታሁን ቅርባቸው ያለውን ሰው ማን እንዳለው ጠየቁት።

«ምን አውቄ» አለ ሰውየው ላቡን እየጠረገ።

«ሳታውቅ ነው የቆምከው?»

«አውቄ ብቆምማ ይዘገይ የለም?»

ጋሽ ጌታሁን መዳፋቸውን ሎሪው ብረት ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሚያዳምጡት ነገር ያለ ይመስል። ቢሮ ስንመለስ ጽሑፉን ከፈቱ።

«እንግዲያውስ ‹ቁም› እንበለው» አሉ፤ አማርኛቸውን ሊያድኑ።

«‹ቁም› ቢባል ሁሉም ማንን ነው ብሎ ዞሮ ያያል። እዚህ እጅ የሚያስነሣው ቃል አንድ ነው።»

«ቦታ የለውም እኮ ዛህራ። የትኛው ወንፊት ውስጥ ላስገባው?»

«የትም አያስገቡት። ደጅ ይቁም። ሁሉም ይስማው።»

ወደ ጽሑፉ ዞሩ። ከዚያ፣ «ሁሉም ነገር ወንፊት ነው፤ ግን . . .» አሉና አቆሙ።

«ግን አሉ!» አልኳቸው። «ይሂዱና አስበው ይመለሱ!»

ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ሳቁ። ከሁሉም በላይ፣ ከመጀመሪያው ወንፊት አስቀድመው «ኸላስ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ለሚያነበው ሰው አንድ መስመር አስቀመጡ፦ «ይህ ቃል ወንፊት አይደለም። አትጠይቁት።» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ እየሠራ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ጩኸቱን ለማሽኑ የሚያደርስ ማይክሮፎን በየጥጉ ሰቀልን፤ ከዚያ በኋላም ማሽኑ ኸላስ ሲባል ያለበትን ያስታውስ ዘንድ ሌላ ቃል ገባ። ደወሉ ደወል ተባለ፤ ቺንጋም ቺንጋ። እኔ ልቤ አብጦ ያየሁትን ሁሉ ላስገባ ስል ግን ጋሽ ጌታሁን ከለከሉኝ። «በር ከፈትን እንጂ ግድግዳ አላፈረስንም» ይሉኛል። በእያንዳንዱ ቃል ተጨቃጭቀናል፤ ያ ጭቅጭቅ ነው ቋንቋውን ቋንቋ ያደረገው። መንገዱ በተዘጋባቸው ጊዜያት፣ የውጭ ባለሙያ ድርሽ በማይልበት፣ ሙሉቀን በቀሩት ጣቶቹ እየጻፈ ማሽኑን አላስቆመም። ለውጭ ጽሑፍ ብንተወው ኖሮ ዝገት ይበላው ነበር።

ይሄን ሁሉ ለትዕግሥት ነገርኳት። ልጅቱ ልበ ደንዳና አይደለችም፤ ስለ ሙሉቀን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ግን የራሷ እውነት ነበራት። «እትዬ ዛህራ፣ ያ ቃል ከደጅ ሁሉንም ይነካል። አንዱን ወንፊት ባነበብኩ ቁጥር፣ መሐል ላይ ኸላስ ቢመጣስ ብዬ ማሰብ አለብኝ። መቆምን ሁሉም ወንፊት ከውስጡ እንዲያውቀው አድርጌ ብጽፈውስ?» አለችኝ። ክርክሯ ትክክል ነው፤ ያን ጭንቀት ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ፍርሃቴን ግን አልወሰደልኝም።

ጋሽ ጌታሁንን ደውላ ጠየቀቻቸው። ጎንደር ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። የቋንቋው አባት ናቸውና ይመርቁኛል ብላ ነበር። ስልኩን ዘግታ ፊቷ ቀልቶ መጣች።

«ምን አሉሽ?»

«‹እኔም ሞክሬ ነበር፤ አንቺ ትችይው ይሆናል። ጽፈሽ ስትጨርሺ የራስሽን እጅ ኤሌቬተሩ እግር ሥር የምታስገቢ ከሆነ ቃሉን አውጪው› አሉኝ።»

በማግሥቱ ሸኙኝ፤ አንድ ሻሽና አንድ የእጅ ሰዓት ሰጡኝ። ቃሉ ይቆይ ይውጣ ሳላውቅ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። መተማ ዮሐንስ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሎሪ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን እያየሁ ክረምቱን ገፋሁ።

አዲሱ ሰሊጥ ሲገባ ሙሉቀን ደወለ። «ዛሬ የትዕግሥት ሥራ ይነሣል፤ ይምጡ።»

«ኸላስ አለ?»

«መጥተው ይዩት» አለና ዘጋው። እንዲህ አድርጎ የሰው ልብ ያወልቃል!

በሚኒባስ ሸሕዲ ደረስኩ። ጽሑፉን አየሁት፤ እውነት ለመናገር አማረኝ። እኔ ከጋሽ ጌታሁን ተደብቄ በየጥጉ የወሸቅኋቸውን ብዙ ቃላት አውጥታለች፤ ወንፊቶቹ እንደ ድሮው አንድ በአንድ ይነበባሉ። ጽሑፉን ወደ ላይ ወስጄ ኸላስ መኖሩን ሳላይ ግን ማሽኑ ተነሣ፣ ሥራው ተጀመረ። ትዕግሥት ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ናቸው፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ላብ አጥምቆኛል።

ብዙ ጆንያ ከተገለበጠ በኋላ ከሆፐሩ አፍ አንድ ድምፅ «ኸላስ!» ብሎ ጮኸ።

የትዕግሥት ሁለት እጆች ከቁልፎቹ ላይ ወደ ላይ ተነሡ። ማሽኑ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ዞራ «ምን ሆነ?» ያለችው።

ሆፐሩ አፍ ላይ ከወሎ የመጣ፣ ለቦታው እንግዳ የሆነ ሰውዬ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሟል። ጠቅላላው ፋብሪካ ዝም ብሎ ሲያየው አፈረ። «ጫማዬ . . . ጫማዬ ገባብኝ» አለ።

አንድ የላስቲክ ጫማ! ሳቁ ቤቱን አናወጠው። ሰውየው ግን የሚቆጡት መስሎት ቀና ማለት ፈራ።

«እጅህ ደኅና ነው?» አለችው ትዕግሥት።

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ደግ አደረግህ።»

ሙሉቀን ወርዶ ጫማውን ሲፈልግ እሷ ጽሑፉን ወደ ላይ ወሰደችልኝ። ኸላስ ከመጀመሪያው ወንፊት በላይ እዚያው ደጁ ላይ ቆሟል። ከሥሩ የጋሽ ጌታሁን መስመር አለ፦ «ይህ ቃል ወንፊት አይደለም። አትጠይቁት።» ከእሱ ሥር ደግሞ አንድ አዲስ መስመር ገብቷል፦ «ጠይቄዋለሁ። እጄን ላስገባ አልቻልኩም። ይቆይ። ትዕግሥት።»

አቅፌ ሳምኳት። ሙሉቀን በሦስቱ ጣቶቹ ጫማውን ከፍ አድርጎ ለባለቤቱ ወረወረለት፤ ሰውየው ተጫማ፤ ማሽኑም ካቆመበት ቀጠለ።